በ1977 ዳትሰን 280ዜድ ውስጥ የሚሸተው ቤንዚን ከየት ይመጣል?

ባለ ዳትሰኑ (ጥያቄ)

ሰላም ለእናንተ ይሁን። የምኖረው በሜሪላንድ ሲሆን፣ ባለፈው ዓመት እ.ኤ.አ. የ1977 ሞዴል የሆነች ዳትሰን 280ዜድ ገዝቻለሁ። መኪናዋ ለረዥም ዘመን ጋራዥ ውስጥ ቆማ የኖረች ብትሆንም ቆርቆሮዋን ዝገት አልበላውም፤ ሞተሯም ያለ ችግር ይነሳል። ያስቸገረኝ የቤንዚን ሽታ ነው።

ሽታው ሁልጊዜ አንድ ዓይነት አይደለም። ታንኩን ሞልቼ በወጣሁበት ቀን ከመቀመጫው በስተኋላ ካለው የዕቃ ቦታ ይመጣል፤ መስኮት ከፍቼ በፍጥነት ስነዳ ደግሞ ይብሳል። ነዳጁ ወደ ግማሽ ሲወርድ የውስጡ ሽታ ይጠፋል፤ ነገር ግን ረዘም ያለ መንገድ ሄጄ ሞተሩን ካጠፋሁ በኋላ ጥቂት ቆይቶ ከኮፈኑ ስር ይሸተኛል። ማደያ ላይም ቀስ አድርጌ ካልቀዳሁ በቀር የመቅጃው አፍ ታንኩ ሳይሞላ ደጋግሞ ይዘጋል። መሬት ላይ ጠብታ አይቼ አላውቅም።

ያሳየሁት ጋራዥ ብዙም ሳይመረምር ታንኩ ይቀየር ብሎ ከባድ ዋጋ ጠርቶልኛል። ታንኩን ከማስወረዴ በፊት ምን ምን ልመርምር? መኪናዋ የምታድረው ከቤታችን ጋር በተያያዘው ጋራዥ ውስጥ ነው።

ኮፈን ገላጭ

ወንድሜ፣ ምርመራውን ሌሎች ያስረዱዎታል፤ እኔ የማስቀድመው የመጨረሻውን ዓረፍተ ነገርዎን ነው። ምክንያቱ እስኪታወቅ ድረስ መኪናዋ ከቤት ውጭ ትደር። የቤንዚን ተን ከአየር ስለሚከብድ ወደ ላይ ተነሥቶ አይበተንም፤ ወለል ለወለል ይሄዳል። በአሜሪካ ብዙ ቤቶች ደግሞ በጋዝ የሚሠራው የውኃ ማሞቂያ የሚቀመጠው እዚያው ጋራዥ ውስጥ ነው። ቤንዚን ከዜሮ በታች በ40 ዲግሪ ሴንቲግሬድ አካባቢ እንኳ ሊቀጣጠል የሚችል ተን ይሰጣል፤ ከአየሩ ውስጥ 1.4 በመቶ ያህሉ የቤንዚን ተን ከሆነም እሳት ለመያዝ ይበቃል።

ስትሠሩ በሮቹን ከፍታችሁ አናፍሱ፤ የባትሪውን ነጌቲቭ የምትነቅሉት ከተናፈሰ በኋላ ይሁን፤ ገመዱ ሲነቀል ብልጭታ ሊሰጥ ይችላልና። አምፖል ያለው የእጅ መብራት ከወደቀ የሚሰበር ስለሆነ የኤልኢዲ መብራት ተጠቀሙ። ለቤንዚን እሳት የሚሆን ማጥፊያም እጅ ከሚደርስበት አይራቅ።

ስድስት ሲሊንደር

የጥያቄዎ ግማሽ መልስ ጥያቄው ውስጥ አለ። እርስዎ ያለዎት አንድ ሽታ ሳይሆን ሁለት ነው፤ ሁለቱን እንደ አንድ ካዩአቸው ዕቃ ሲቀይሩ ይኖራሉ።

የዚች መኪና የነዳጅ መሥመር በሁለት ይከፈላል። አንደኛው ፓምፑ ገፍቶ ወደ ሞተሩ የሚልክበት፣ ግፊት ያለበት መሥመር ነው። ሁለተኛው ግፊት የሌለበት፣ በታንኩ ውስጥ የሚፈጠረው ተን የሚሄድበት ነው፤ ከታንኩ አናት ተነሥቶ፣ በዕቃው ቦታ በቀኝ በኩል ከፕላስቲክ መሸፈኛው በስተጀርባ ወዳለች ትንሽ የተን ማጠራቀሚያ ይገባል፤ ከዚያም ኮፈኑ ስር ወደሚገኘው፣ ተኑን የሚመጥጥ ከሰል ወዳለበት ጣሳ ይሄዳል። ታንኩን ከማጠራቀሚያዋ ጋር የሚያገናኙት የተለያየ ውፍረት ያላቸው የጎማ ቱቦዎች ናቸው፤ ብዙ ባለቤቶች ታንኩንና ፓምፑን አሳድሰው እነዚህን ቱቦዎች ግን ሳያዩአቸው ያልፋሉ፤ ከመሸፈኛው ኋላ ስለሆኑ ለዓይን አይጋለጡም።

ታንኩ ሲሞላ ብቻ የሚመጣ ሽታ ከታንኩ የላይኛ ክፍል ወይም ከዚያ በላይ ካለ ነገር ነው፤ ማለትም ከመሙያው አንገት ጎማ ወይም ከተኑ ቱቦዎች። ታንክ በዝገት የሚበሳው አብዛኛውን ጊዜ ውኃ ከሚተኛበት ከታች በኩል በመሆኑ፣ ታንኩ ተበስቶ ቢሆን ኖሮ ግማሽ ሲሆንም በሸተተዎት፣ ምናልባትም ጠብታ ባዩ ነበር። የመቅጃው አፍ መዘጋትም ወደዚያው ይመራል። ነዳጅ ሲገባ በታንኩ ያለው አየር መውጫ ማግኘት አለበት፤ የተኑ ቱቦ ከታጠፈ ወይም ከተጨፈለቀ አየሩ መውጫ ያጣል፣ ቤንዚኑ አንገቱ ላይ ይመለሳል፣ መቅጃውም የሞላ መስሎት ይዘጋል። ስለዚህ እኔ ብሆን ታንኩን አላስወርድም፤ ከግማሽ በታች እስኪሆን ነድቼ መሸፈኛውን እፈታለሁ። ፕላስቲኩ ሃምሳ ዓመት ሊሞላው የተቃረበ ስለሆነ በብርድ ቀን ቢነኩት ይሰነጠቃል፤ ሞቅ ያለ ቀን ይጠብቁ።

ቱቦዎቹን የሚያሸቱበት መንገድም ዋጋ አለው። አፍንጫ ሽታን ቶሎ ይለምዳል፤ ጥቂት ደቂቃ እዚያ ከቆዩ በኋላ ሁሉም ነገር አንድ ዓይነት ይሸታል ወይም ምንም አይሸትም። ይሻላል የምለው፣ እያንዳንዱን መገጣጠሚያ በአሉሚኒየም ወረቀት ጠቅልሎ ማሳደርና በማግስቱ ከንጹሕ አየር እየመጡ አንድ በአንድ እየፈቱ ማሽተት ነው። ተን የሚያመልጥበት መገጣጠሚያ ሽታውን በወረቀቱ ውስጥ አጠራቅሞ ይጠብቅዎታል።

የፊተኛው ሽታ ሌላ ነው። 280ዜድ በካርቡራቶር ሳይሆን ቤንዚኑን በግፊት በሚረጨው በቦሽ ኤል-ጄትሮኒክ የኢንጀክሽን ሥርዓት የምትሠራ ስለሆነች፣ ኮፈኑ ስር ያለው ቤንዚን 36 ፒኤስአይ (የግፊት መለኪያ ነው) ያህል ግፊት አለው። ስድስቱም ኢንጀክተሮች (ቤንዚኑን የሚረጩት አፎች) ከነዳጁ ብረት ቧንቧ ጋር የሚገናኙት በአጭር የጎማ ቱቦ ነው፤ በብርድ ጊዜ ለማስነሻ የምታገለግለው ሰባተኛዋም እንዲሁ። ሞተሩ ሲጠፋ ግፊቱ ወዲያው አይወርድም፤ የሞተሩ ሙቀት ደግሞ ማራገቢያው ሲቆም ለጥቂት ጊዜ ኮፈኑ ስር ይጨምራል። በዚያች ሰዓት የደረቀ ጎማ ያልባል። ያላበው ቤንዚን ትኩስ ብረት ላይ ወዲያው ስለሚተንም መሬት አይደርስም፤ ጠብታ ያላዩትም ለዚህ ይመስለኛል።

በዚያው አጋጣሚ ከነዳጁ ግፊት መቆጣጠሪያ ጋር የተያያዘችውን ቀጭን የቫኪዩም (የአየር መምጠጫ) ቱቦ ነቅለው ይመልከቱ። ውስጧ ቤንዚን ከነካው የመቆጣጠሪያው ስስ ሽፋን ተቀዷል ማለት ነው። የሞተር ዘይቱንም በመለኪያው ዘንግ አውጥተው ያሽትቱ፤ ቤንዚን ከሸተተ ኢንጀክተር ወደ ውስጥ እያንጠባጠበ ሊሆን ይችላል፤ ያኔ ነገሩ ከሽታም ያለፈ ነው።

ዜድ በቨርጂኒያ

በ“ስድስት ሲሊንደር” ትንተና እስማማለሁ፤ በቅደም ተከተሉ ግን አልስማማም። ከኋላ ያለው ፍንጭ ግልጽ ቢሆንም ከኋላ መጀመር የለበትም። የኋላው ተን አፍንጫን ያስቸግራል፣ ራስ ምታት ያመጣል፤ የፊቱ ግን ግፊት ያለበት ቤንዚን ከጭስ ማውጫው ማኒፎልድ (ትኩሱን ጭስ ከሞተሩ ከሚቀበለው ብረት) በላይ ነው። በዚህ ሞተር የነዳጁ ቧንቧና የጭሱ መውጫ በአንድ ወገን መሆናቸውን አይርሱ። ላብ የነበረው አንድ ቀን ስንጥቅ ሆኖ ሲረጭ መኪናዋን ለማትረፍ የሚኖርዎት ጊዜ እጅግ አጭር ነው። የፊቱ ቱቦዎች እስኪታዩ ድረስ መኪናዋን ባይነዷት እመርጣለሁ።

አንድ ነገር ልጨምር። መስኮት ሲከፈት ሽታው የሚብሰው፣ መኪናዋ ስትሮጥ ከኋላዋ የሚፈጠረው ዝቅተኛ ግፊት አየርን ወደ ውስጥ ስለሚስብ ነው፤ የኋላው በር ጎሚኒ (ዙሪያውን የሚዘጋው ጎማ) ወይም የኋላ መብራቶቹ ጓርኒሲዮን (ማሸጊያ) ከደረቀ በዚያ ክፍተት የጭስ ማውጫው ጋዝም ይገባል። ብዙ ሰው ይህን ሲሰማ ጎሚኒ ቀይሮ ነገሩን ዘጋሁ ይላል። ጎሚኒው መቀየሩ መልካም ነው፤ ነገር ግን ምንጩ ሳይገኝ ቢቀየር ሽታው ከመቀነሱ በቀር ቱቦው መላቡን አይተውም። ካርቦን ሞኖክሳይድ ሽታ የሌለው መርዝ ስለሆነም በባትሪ የሚሠራ ትንሽ መጠቆሚያ ገዝተው መኪናዋ ውስጥ ያስቀምጡ፤ የቤንዚኑ ነገር ካለቀም በኋላ ይጠቅማል።

ባለ ዳትሰኑ

ሁላችሁንም አመሰግናለሁ። መኪናዋ ውጭ ታድራለች። የእህታችንን የ“ዜድ በቨርጂኒያ”ን ምክር ተከትዬ ከፊት ጀመርኩ፤ ወደ ሾፌሩ ከሚቀርቡት ኢንጀክተሮች የአንዱ ቱቦ ከፋሼታው (ቱቦውን ከሚያጠብቀው ማሰሪያ) ስር ተሰነጣጥቆ፣ ሞተሩ ትኩስ ሳለ በነጭ ወረቀት ስጠርገው ረጠበ። የመቆጣጠሪያው የቫኪዩም ቱቦ ደረቅ ነው፤ ዘይቱም አይሸትም። ከዚያ የቀኙን መሸፈኛ ፈታሁ፤ ከተኑ ቱቦዎች ወፍራሙ መታጠፊያው ላይ ጠፍጥፎ ተጣብቋል፣ በውጭ በኩልም ቆዳው ተሰንጥቋል። ታንኩ ከታች ደረቅ ነው።

አሁን የምጠይቀው ስለ ቱቦው ነው። ከመለዋወጫ ሱቅ በሜትር የሚሸጠውን አንድ ዓይነት የነዳጅ ቱቦ ገዝቼ ለፊቱም ለኋላውም ብጠቀም ያስኬዳል?

ስድስት ሲሊንደር

አያስኬድም። ለፊቱ፣ ጎኑ ላይ ኤስኤኢ 30አር9 የሚል የቱቦ ደረጃ የታተመበትን የኢንጀክሽን ቱቦ ይግዙ። በአብዛኛው በሜትር የሚሸጠው 30አር7 ለካርቡራቶር መኪና ዝቅተኛ ግፊት የተሠራ ነው። የአር9 ውስጠኛ ንብርብር በአሜሪካ ቤንዚን ውስጥ እስከ 10 በመቶ የሚገባውን ኢታኖል ይቋቋማል፤ ተኑም በጎማው ውስጥ ሰርጎ እንዳያልፍ በእጅጉ ይከላከላል። አንዱ ከተሰነጠቀ የቀሩትም ዕድሜያቸው እኩል ስለሆነ ስድስቱንም፣ ሰባተኛዋንም ጨምረው ይቀይሩ። ፋሼታው ጠርዙ የተጠቀለለውና ቀዳዳ የሌለው ዓይነት ይሁን፤ ቀዳዳ ያለው ሲጠብቅ ጎማውን ይቆርጠዋል። ከመፍታትዎ በፊት ፓምፑን ከኤሌክትሪክ ነቅለው ሞተሩን ያስነሡና በራሱ እስኪጠፋ ይተዉት፤ ግፊቱ በዚያ ይወርዳል።

ለኋላው ግፊት ስለሌለ አር7 ይበቃል፤ ችግሩ መታጠፊያው ነው። ቀጥ ያለ ቱቦ በጠባብ ቦታ ሲታጠፍ እንደ አሮጌው ይጠፈጠፋል፤ ስለዚህ ለመታጠፊያዎቹ አስቀድሞ በቅርጹ የተሠራውን ይፈልጉ፤ ለዜድ መኪኖች ተዘጋጅቶ በስብስብ የሚሸጥ አለ። የውኃ ወይም የቫኪዩም ቱቦ በልኩ ቢገጥም እንኳ አይጠቀሙበት፤ ጎማው ለቤንዚን ስላልተሠራ ሽታውን ያሳልፋል።

ሲጨርሱ ሞተሩን ከማስነሣትዎ በፊት ፓምፑ ግፊት እንዲያደርስ አድርገው መገጣጠሚያዎቹን በመብራት ይዩአቸው። ሞተሩ ጥቂት ጊዜ ሞቆ ከቀዘቀዘ በኋላ ፋሼታዎቹን እንደገና ይፈትሹ፤ አዲስ ጎማ ሲሞቅ ይቀመጣልና ይላላሉ። ታንኩን አፍ እስከ አፍ የሚሞሉት ከዚያ ወዲህ ነው። መቅጃው ሳይዘጋ ከሞላና መስኮት ከፍተው ሲነዱ ካልሸተተ የኋላውም ተፈትቷል። ከሸተተ የመሙያውን አንገት ጎማ ያውጡት፤ ከዚያ በኋላ የጓርኒሲዮኑና የጎሚኒው ተራ ይሆናል።