የሰበርኩት ኮርኒስ አስቤስቶስ ቢሆንስ?

እድሳት ላይ ነኝ፦
ሰላም ለሁላችሁ። አሮጌ ቤት እያደስን ነው፤ ከተሠራ 50 ዓመት ያልፈዋል። ቅዳሜ የጓዳውን ኮርኒስ ራሴ ማውረድ ጀመርኩ። ግራጫ፣ ስስ ቦርድ ነው፤ በጥቃቅን ሚስማር የተመታ። ሁለቱን በመዶሻ እየሰበርኩ አወረድኳቸው። ሦስተኛው ላይ ስደርስ ስባሪውን ወደ መስኮቱ አስጠግቼ አየሁት። ከጠርዙ ነጫጭ ክሮች ብቅ ብለዋል፤ እንደ ተበጣጠሰ ጥጥ። ያን ጊዜ ነው የደነገጥኩት፤ አስቤስቶስ ቢሆንስ ብዬ፣ ያ ሲተነፍሱት ሳንባን የሚጎዳው የማዕድን ቃጫ።

አፍና አፍንጫዬን በምንም አልሸፈንኩም ነበር። አቧራውን ደግሞ በመጥረጊያ ጠርጌዋለሁ። ከሁሉ የከበደኝ ግን የአራት ዓመት ልጄ በሩ ላይ ቆማ ስታየኝ መቆየቷ ነው። ከዚያ ወዲህ እንቅልፍ የለኝም። አሥር ቦርድ ገና እንደተሰቀለ ነው። ምን ላድርግ?

ቀለም ቀቢው፦
እህቴ፣ አትረበሺ። አባቴ 30 ዓመት በአስቤስቶስ ጣሪያ ሥር ኖሯል፤ ጤነኛ ነው። ማስክ አድርጊና ቀሪውንም አውርደሽ ተገላገዪው።

ባለቱታው፦
ቀለም ቀቢው፣ በዚህ አልስማማም። ባልተነካ ጣሪያ ሥር መኖርና ቦርድ በመዶሻ መስበር አንድ አይደሉም። ሲሚንቶው ቃጫውን ጨብጦ ይይዘዋል። ሲሰበር፣ ሲበሳ፣ ሲፋቅ ነው አየር ላይ የሚወጣው። ዓይን አያየውም፤ ለሰዓታት ተንሳፍፎ ይቆያል። እኔ 11 ዓመት የሠራሁት አስቤስቶስ ማንሳት ነው።

እህቴ፣ መጀመሪያ ስለ ልጅሽ። አስቤስቶስ የሚያመጣው የሳንባ በሽታ በአብዛኛው የሚይዘው ለዓመታት ሲተነፍሱት የኖሩትን ነው። የሚታየውም ከ10 እስከ 50 ዓመት ቆይቶ ነው። የአንድ ቀን አቧራ የሚያመጣው አደጋ ትንሽ ነው። ዜሮ ነው ብዬ ግን አልዋሽሽም። ስለዚህ ዳግመኛ እንዳትነኪው፤ በሩን ዝጊ፣ ከሥሩ ያለውን ክፍተት በቴፕ ድፈኚ።

አስቤስቶስ መሆን አለመሆኑን እኔም በዓይኔ አይቼ አልነግርሽም። በሴሉሎስ፣ ማለትም በእንጨት ቃጫ፣ የተሠራው አዲሱ ቦርድ ቁርጥ እሱን ነው የሚመስለው። በፈረንጆች አቆጣጠር ብሪታንያ አስቤስቶስን ሙሉ በሙሉ የከለከለችው በ1999፣ አውስትራሊያ በ2003 መጨረሻ ነው። የ50 ዓመት ቤት ከሆነ እንግዲህ አለበት ብለሽ ተነሺ። ከወደቀው ስባሪ የአውራ ጣት ጥፍር የምታህል ለላቦራቶሪ ትበቃለች። ውኃ ላይ ትንሽ የዕቃ ማጠቢያ ሳሙና ጠብ አድርገሽ አርጥቢያት፤ በሁለት ላስቲክ ደራርበሽ እሸጊ። ስትገቢ ኤፍኤፍፒ3 የተባለውን፣ ደቃቅ አቧራ የሚያጣራውን ማስክ አድርጊ፤ የሐኪም ማስክ አያስጥልም።

መጥረጊያውን ተዪው። የቤት ቫኪዩም ክሊነር ጥቃቅኑን በኋላው መልሶ ይተፋዋል። ወለሉን በእርጥብ ጨርቅ ጥረጊ። አንዴ የጠረግሽበትን ጨርቅ ባልዲ ውስጥ መልሰሽ አትንከሪው፤ አጥፈሽ ላስቲክ ውስጥ ክተቺው። ሥራ ስጀምር መጀመሪያ የተማርኩት ይሄንን ነው። ጨርቁ አንዴ ከተነከረ ባልዲው ሁሉ ተበከለ ማለት ነው። ልብስሽንም ከቤተሰቡ ልብስ ጋር አትጠቢው። የባሎቻቸውን የሥራ ልብስ ሲያጥቡ ኖረው የታመሙ ሴቶች አሉ።

አሥሩ ቦርድ ካልተሰነጠቀ ባለበት መተው ይቻላል። ካነሣሽው ግን ለባለሙያ ስጪ። በተለይ ለስለስ ያለው ዓይነት ከሆነ አትቅረቢው። በሲሚንቶው ቦርድ ውስጥ አስቤስቶሱ ብዙውን ጊዜ ከ10 እስከ 15 በመቶ ነው፤ በለስላሳው እስከ 40 ይደርሳል።

ቀለም ቀቢው፦
ይቅርታ እህቴ፣ ሳላውቅ ነው የመከርኩሽ። ባለቱታው፣ እኔ እንዲህ ያለ ቦርድ በብርጭቆ ወረቀት ፍቄ አውቃለሁ። ከእንግዲህስ?

ባለቱታው፦
አትፋቀው ወንድሜ። በእርጥብ ጨርቅ አብሰህ በላዩ ቀባ። ሲጋራ የምታጨስ ከሆነ ደግሞ ዛሬውኑ ተው። ሁለቱ ሲገናኙ የሳንባ ካንሰሩ አደጋ እጅግ ይጨምራል።

እድሳት ላይ ነኝ፦
ውጤቱ መጣ። ነጩ አስቤስቶስ ነው፣ ክሪሶታይል የሚባለው። ባለሙያዎቹ ትናንት መጡ። እያረጠቡ፣ ሚስማሩን አንድ በአንድ እየነቀሉ ቦርዱን ሙሉ ሙሉውን አወረዱት። ከአሥሩ አንድም አልተሰበረም። መጥረጊያውንና ልጄ ያን ቀን የለበሰችውን ሹራብ አብሬ አሽጌ ሰጠኋቸው። ባለቱታው፣ እግዚአብሔር ይስጥህ።