የአዳራሽ ማይክ ጩኸትን ራሱን በሚያርም ፊልተር ስለመቀነስ፤ ማሲንቆው ለምን ይሳሳል?

ጥያቄ፣ ከ«ጣናዳር»

የተከበራችሁ የድምፅ ባለሙያዎች፣

ባሕር ዳር፣ ከሐይቁ ዳር ባለ አንድ የሠርግና የስብሰባ አዳራሽ የድምፅ ሥራ እሠራለሁ። አዳራሹ የቆርቆሮ ጣሪያና የሴራሚክ ወለል ያለው ሲሆን፣ በሐይቁ በኩል ያለው ግድግዳ ከላይ እስከ ታች ተንሸራታች የመስታወት በር ነው። ጠዋት በሩ እንደተዘጋ የሚጮኹትን ፍሪኩዌንሲዎች፣ እያንዳንዱን ለየብቻ በሚያስተካክለው ኢኳላይዘር ቀንሼ ሞንታርቦውን አስተካክላለሁ። ከሰዓት በኋላ ግን ንፋሱ ሲነሳ በሩ ይከፈታል፣ እንግዳው ይሞላል፣ ድምፃዊው ማይኩን ይዞ በየጠረጴዛው ይዞራል፤ ያን ጊዜ ጩኸቱ ጠዋት ባልነበረበት ፍሪኩዌንሲ ላይ ብቅ ይላል።

ስለዚህ ራስበሪ ፓይ 4 በተባለች ትንሽ ኮምፒውተር ላይ፣ ስህተቱን እያየ ደረጃ በደረጃ በሚያርመው በኤንኤልኤምኤስ (NLMS) ስሌት የሚሠራ፣ ራሱን የሚያርም ፊልተር ጻፍሁ፤ ሥራው ከሞንታርቦው ተመልሶ ማይኩ ውስጥ እየገባ ጩኸቱን የሚፈጥረውን ድምፅ ገምቶ መቀነስ ነው። ድምፁ የሚለካበት ናሙና በሰከንድ 48,000 ነው፤ ፊልተሩ 512 ኮፊሸንት (ያለፉትን ናሙናዎች አንድ በአንድ የሚያበዛ ቁጥር) አለው፤ ዋናው ሞንታርቦ ከመድረኩ ማይክ 6 ሜትር ያህል ይርቃል። እንደተከፈተ ጩኸቱ የቀነሰ ይመስላል። ጥቂት ቆይቶ ግን የተናጋሪው ድምፅ ከጉድጓድ እንደሚወጣ ያህል ይታፈናል፤ ማሲንቆ ሲገባ ደግሞ የማሲንቆው ድምፅ ከናካቴው ይሳሳል። የእርማት እርምጃውን (ፊልተሩ በአንድ ጊዜ ራሱን የሚያርምበትን መጠን) ባሳንሰው ጉዳቱ ዘገየ እንጂ አልቀረም። ችግሩ ከስሌቱ ነው ወይስ ከአዳራሹ?

መልስ፣ ከ«ገመድ»

ስሌቱን ከመንካትዎ በፊት ሞንታርቦዎቹ ከማይኮቹ ወደ እንግዳው በኩል ቀደም ብለው መቆማቸውን ያረጋግጡ። ማይኩ ካርዲዮይድ (በዋናነት ከፊቱ የሚሰማ ዓይነት) ከሆነ ከጀርባው የሚመጣውን ድምፅ በእጅጉ ስለሚቀንስ፣ የመድረኩ ሞኒተር (ድምፃዊው ራሱን የሚሰማበት ስፒከር) ትክክል ከማይኩ ጀርባ ይቀመጥ። ሱፐርካርዲዮይድ (ከፊቱ የሚሰማበት አቅጣጫ ይበልጥ የጠበበ) ከሆነ ግን እጅግ የማይሰማበት አቅጣጫ ከፊቱ 126 ዲግሪ ገደማ ላይ ስለሆነ፣ ሞኒተሩ ወደ ጎን ፈቀቅ ማለት አለበት። ተናጋሪው ከማይኩ ያለውን ርቀት ከ20 ወደ 10 ሳንቲ ሜትር ቢያሳጥር ጩኸት ሳይነሳ ድምፁን ለማጉላት 6 ዴሲቤል (የድምፅ መጠን መለኪያ) ያህል ያተርፋሉ፤ የተከፈቱ ማይኮች ቁጥር በእጥፍ ባደገ ቁጥር ደግሞ 3 ዴሲቤል ይከስራሉ። የማይኩን ጭንቅላት በመዳፉ አፍኖ የሚዘፍንን ድምፃዊ ግን የትኛውም ስሌት አያድነውም።

መልስ፣ ከ«ሞገድ»

መልሱ እርስዎ በሰጡት ቁጥር ውስጥ አለ። ድምፅ በሰከንድ 343 ሜትር ያህል ስለሚጓዝ 6 ሜትር ለመሄድ 17.5 ሚሊ ሰከንድ ይፈጅበታል፤ ይህም በእርስዎ አሠራር 840 ናሙና ነው። 512 ኮፊሸንት የሚሸፍነው ግን 10.7 ሚሊ ሰከንድ ብቻ ነው። ከሞንታርቦው በቀጥታ የሚመጣው ድምፅ እንኳ ማይኩ ዘንድ ሳይደርስ ፊልተርዎ ያልቃል፤ ከመስታወቱና ከጣሪያው ተንጸባርቆ የሚመለሰውንማ ጭራሽ አያውቀውም። እንግዲህ ጩኸቱ የቀነሰው ፊልተሩ ከሞንታርቦው ወደ ማይኩ ያለውን የመመለሻ መንገድ ስላወቀ ሳይሆን፣ የተናጋሪውን ድምፅ ራሱን መቀነስ ስለጀመረ ነው።

የስልክ ማሚቶ ማጥፊያ ይህ ችግር የለበትም፤ ከስፒከሩ የሚወጣው ከወዲያ ማዶ ያለ ሰው ድምፅ ስለሆነ፣ ማይኩ ፊት ከሚናገረው ሰው ድምፅ ጋር አይዛመድም። በአዳራሽ ግን ከሞንታርቦው የሚወጣው ያው ማይኩ የሰማው ድምፅ ነው። በተለይ አናባቢ ሲረዝም፣ ከጥቂት ሚሊ ሰከንድ በፊት የወጣው ድምፅ አሁን የሚመጣውን ለመተንበይ ይበቃል። ኤንኤልኤምኤስ ከቅነሳው በኋላ የሚቀረውን ምልክት ኃይል ከማሳነስ ሌላ ዓላማ ስለሌለው፣ መተንበይ የቻለውን ሁሉ፣ ከአዳራሹ ይምጣ ከሰውየው ጉሮሮ ሳይለይ፣ ይቀንሳል። እርምጃውን ማሳነስ ያላዳነዎትም ለዚህ ነው፤ ፊልተሩ የሚያመራው ወደ ተሳሳተ ቦታ ከሆነ በዝግታ መሄዱ አይጠቅመውም።

በእኔ እምነት በዚህ ቅደም ተከተል ቢሠሩ ይሻላል። አስቀድመው ከሞንታርቦው የመለኪያ ድምፅ ለቀው፣ የድምፅ ካርዱን ጨምሮ ጠቅላላ መዘግየቱን ይለኩ፤ ያንን ባዶ ጊዜ ከፊልተሩ በፊት በቋሚ መዘግየት ይተኩት። ለንግግር የናሙናውን መጠን ወደ 16,000 ያውርዱ፤ የሩብ ሰከንድ ነጸብራቅ በ48,000 ናሙና 12,000 ኮፊሸንት ሲፈልግ በ16,000 ግን 4,000 ይበቃዋል፣ ናሙናውም ወደ ሲሶ ስለሚወርድ የስሌቱ ሥራ ወደ አንድ ዘጠነኛ ይወርዳል። ከዚያ ወደ እርማቱ የሚገቡትን ሁለቱንም ምልክቶች፣ የሞንታርቦውንም የማይኩንም፣ በየ20 ወይም በየ30 ሚሊ ሰከንዱ ከንግግሩ በሚታደስ አንድ ዓይነት የመስመራዊ ትንበያ ፊልተር (የሚመጣውን ናሙና ካለፉት የሚገምት) ያሳልፏቸው። ይህ ፊልተር የንግግሩን ተተንባይነት ያወጣለታል፤ እንግዳው የሚሰማው ድምፅ ግን በእሱ አያልፍም። ይህም ካልበቃ፣ የድምፅ ሳይንቲስቱ ማንፍሬድ ሽሮደር እ.ኤ.አ. በ1960ዎቹ መጀመሪያ እንዳሳየው፣ ወደ ሞንታርቦው የሚሄደውን ድምፅ በ5 ኸርዝ ያህል ያንሸራቱት። ድምፁ በዞረ ቁጥር ከነበረበት ፍሪኩዌንሲ ስለሚሸሽ አንድ ቦታ ላይ ተከማችቶ መጮህ ያዳግተዋል፤ ከምንጩ ጋር ያለው ዝምድናም ይላላል።

ከ«ጣናዳር»

እጅግ አመሰግናለሁ። ሁለት ነገር ልጨምር። የባሕር ዳር ከፍታ 1,800 ሜትር ያህል ስለሆነ የአየሩ መሳሳት ስሌቱን ይለውጠዋል? የ5 ኸርዙስ ማንሸራተት ለማሲንቆ ይሆናል?

መልስ፣ ከ«ቅኝት»

የድምፅን ፍጥነት የሚለውጠው ሙቀት እንጂ ከፍታው ያሳሳው የአየር ግፊት አይደለም። ሙቀቱ በ1 ዲግሪ ሲጨምር ፍጥነቱ በሰከንድ 0.6 ሜትር ያህል ያድጋል። ከጠዋት እስከ ከሰዓት በ10 ዲግሪ ቢሞቅ፣ የ6 ሜትሩ ጉዞ በ0.3 ሚሊ ሰከንድ ያጥራል፤ ይህ በ2,000 ኸርዝ ላይ ከግማሽ ዑደት በላይ ነው። ጩኸት የሚነሳው ደግሞ ተመልሶ የመጣው ድምፅ ሳይዳከም ከራሱ ጋር በፌዝ (ሞገዱ ከፍና ዝቅ በሚልበት ጊዜ) ሲገጥም ስለሆነ፣ በሩ ባይከፈት እንኳ የጠዋቱ ኢኳላይዘር ከሰዓት ላይ ሌላ ቦታ እየቀነሰ ይገኛል።

ለማሲንቆ ማንሸራተቱን አልመክርም። 200 ኸርዝ የሆነ ድምፅ 5 ኸርዝ ሲጨመርበት ወደ ግማሽ ሴሚቶን (ሴሚቶን በሁለት አጎራባች የፒያኖ ቁልፎች መካከል ያለ ልዩነት ነው) የሚጠጋ ልዩነት ያመጣል፤ መድረኩ አጠገብ የተቀመጠ እንግዳም ዋናውንና የተንሸራተተውን አብሮ ስለሚሰማ፣ ድምፁ በሰከንድ አምስት ጊዜ ሲወዛወዝ ይሰማዋል። አጭሩ የመስመራዊ ትንበያም አይበቃም፤ ቀስቱ ጭራውን ሳያቋርጥ ሲስበው የሚወጣው ድምፅ ከአንድ የትንበያ ቁራጭ በላይ ራሱን እየደገመ ይቀጥላል።

ስለዚህ ለማሲንቆው ከጭራው አጠገብ የሚታሰር ማይክና የራሱ የሚክሰር ቻናል ይስጡት፤ የዚያ ቻናል ድምፅ ከፍ ሲል ፊልተሩ ኮፊሸንቶቹን ባሉበት ይዞ እርማቱን ያቁም። በዚህ መሃል የሚነሳን ጩኸት ጠባብ ኖች (አንድን ፍሪኩዌንሲ ብቻ ቆርጦ የሚያወጣ ፊልተር) ይያዘው፤ ነገር ግን ኖቹ ከመከፈቱ በፊት ሁለት ነገር ይፈትሽ። የማሲንቆ ድምፅ በ200 ላይ ካለ በ400ና በ600ም ላይ አጃቢ አለው፤ ጅምር ጩኸት ግን ብቻውን የቆመ አንድ ፍሪኩዌንሲ ነው፣ ኃይሉም ማንም ሳይጫወተው በየዙሩ ያድጋል።