መሬት ለሁለት ልንከፍል ስንል እገዳ ወጣብን፤ ምን ይሻለናል?

ሰላም ወገኖች። የምንኖረው ዋሽንግተን ስቴት፣ ከሲያትል ራቅ ያለ ካውንቲ (የአካባቢ አስተዳደር) ነው። ከወንድሜ ጋር ሆነን 10 ኤከር መሬት ገዛን። ሐሳባችን ለሁለት ከፍለን ጎን ለጎን ቤት መሥራት ነበር። ቀያሹ ብርቱካናማ ሪባን ያሰረባቸው ችካሎች አሁንም ሣሩ ውስጥ ቆመዋል።

ማመልከቻ ባስገባን በ2 ሳምንቱ ካውንቲው የመኖሪያ መሬት መከፋፈልን ለ6 ወር አገደ። የስቴቱ ሕግ የሕዝብ አስተያየት ሳይሰማ እንዲያግድ ይፈቅድለታል፤ በ60 ቀን ውስጥ ግን የሕዝቡን አስተያየት መስማት አለበት። እገዳው ሲያልቅ ደግሞ ሊታደስ ይችላል፤ እንቅልፍ የነሳኝ ይሄ ነው።

የተሟላ ማመልከቻ የሚታየው በገባበት ቀን በነበረው ደንብ ነው። የእኛ ጣጣ እዚህ ላይ ነው። የደረሰን ኢሜይል «ደርሶናል» ይላል እንጂ «ተሟልቷል» አይልም። የሴፕቲኩን (የቤት ፍሳሽ ማስወገጃውን) የአፈር ምርመራ ያስገባነው እገዳው ከወጣ በኋላ ነው። በሌላ በኩል ካውንቲው በ28 ቀን ውስጥ «ይጎድላል» ካላለ እንደተሟላ ይቆጠራል፤ እኛ ደግሞ ማመልከቻውን ካስገባን ይኸው 33 ቀን ሆነን፣ ዝም ብለውናል።

እባካችሁ፣ እዚህ ስቴት ይህ የገጠመው አለ? አሁን ደብዳቤ ጽፈን እንጠይቅ ወይስ መጀመሪያ የመሬት ጠበቃ እንያዝ? ወንድሜ «ዝም እንበል፣ አንቀስቅሳቸው» ይላል። እኔ ግን ፈራሁ።