የቬርሜር ፎርጅድ ሥዕል ለሕዝብ ይታይ ወይስ ይቆለፍበት?

ጠያቂው፦ ሰላም ቤተሰብ! ዛሬ ስለ ሥዕል እንከራከር። ዮሐንስ ቬርሜር እ.ኤ.አ. ከ1632 እስከ 1675 በሆላንዷ ዴልፍት ከተማ የኖረ ሠዓሊ ነው። የእሱ መሆናቸው የታመነባቸው ሥዕሎች አርባ እንኳ አይሞሉም። አንድ አዲስ ተገኘ ከተባለ ዓለም ይንጫጫል። ሃን ቫን ሜጌረን የሚባል የአገሩ ሰው ይቺን አወቀባት። «እራት በኤማሁስ» የተባለውን ሥዕል ራሱ ሠርቶ በቬርሜር ስም ሸጠው። ከግማሽ ሚሊዮን ጊልደር በላይ ወጥቶበት በ1938 በሮተርዳሙ ቦይማንስ ሙዚየም ለእይታ ቀረበ። ፎርጅድ መሆኑ ከታወቀ በኋላም ሙዚየሙ አልጣለውም። እናንተ ምን ትላላችሁ?

የሕግ ተማሪው፦ ይቆለፍበት። ፎርጅድ ዲግሪ ይዞ የተገኘ ሰው ወረቀቱን ግድግዳ ላይ ስቀል ይባላል እንዴ? አጭበርባሪን ሙዚየም ማስገባት ለሚቀጥለው አጭበርባሪ ልብ መስጠት ነው።

ሠዓሊው፦ ወንድሜ፣ አልስማማም። መጀመሪያ ልፋቱን እይለት። የ17ኛው ክፍለ ዘመን አሮጌ ሥዕል ገዛ። የላዩን ቀለም ፍቆ ሸራውን አስቀረ። ቬርሜር የሚጠቀምባቸውን ዓይነት ቀለሞች በእጁ አዘጋጀ። ችግሩ ያለው ማድረቁ ላይ ነው። የዘይት ቀለም እስከ ውስጡ እስኪጠነክር ብዙ አሥርተ ዓመታት ይፈጃል። አዲስ ከሆነ አልኮል ሲነካው ይለቃል፣ ወዲያው ይነቃበታል። እሱ ግን ባክላይት የሚባለው ፕላስቲክ የሚሠራባቸውን ፌኖልና ፎርማልዴሃይድ ከቀለሙ ጋር ቀላቀለ። ሥዕሉን ምድጃ ውስጥ ከቶ ጋገረው። ጠንክሮ ሲወጣ ሲሊንደር ላይ ጠቅልሎ ሰነጣጠቀው። የዘመናት እድፍ እንዲመስል ስንጥቁ ውስጥ ጥቁር ቀለም አሸበት። ስለ ሆላንድ ሥዕል በዘመኑ ቃሉ የሚታመነው አብርሃም ብሬዲየስ አየና «የቬርሜር ነው» ብሎ መሰከረ። ይሄ እጅ ይደበቅ? ደግሞ ጎሪንግንም ጉድ የሠራ ሰው ነው። የናዚው ሹም ለሌላኛው ፎርጅድ፣ «ክርስቶስና አመንዝራዋ» ለተባለው፣ 137 ሥዕሎች ሰጥቷል። ለእኔ ጀግና ነው!

የታሪክ መምህርቷ፦ ጀግና የሚለው ላይ አንላቀቅም። ይህን ወሬ ያስጀመረው ራሱ ነው። በግንቦት 1945 የተያዘው የአገር ቅርስ ለጠላት ሸጠሃል ተብሎ ነው። ከዚያ ክስ ለማምለጥ ነው «የሸጥኩት የራሴን ሥራ ነው» ያለው። አላምን ሲሉት በጥበቃ ሥር ሆኖ፣ ምስክሮች ፊት፣ አንድ ተጨማሪ «ቬርሜር» ሣለላቸው። ሕዝቡም ጎሪንግን ሸወደልን ብሎ ወደደው።

እስቲ ልብ በሉ፣ ኤማሁስን የሸጠው ጦርነቱ ሳይጀመር፣ ለገዛ ወገኖቹ ነው። ናዚዎች ሆላንድን በወረሩበት ዘመንም እየሸጠ ሀብት በሀብት ሆነ። ጎሪንግ የከፈላቸው ሥዕሎችም የዘረፋ ናቸው፣ ባለቤት ነበራቸው! ከሁሉ የሚያመኝ ግን መጽሐፉ ነው። የቫን ሜጌረን የራሱ ሥዕሎች መድብል አንድ ቅጂ በርሊን፣ በሂትለር መጻሕፍት መካከል ተገኘ። «ለተወደደው ፉሬር (መሪ)፣ በምስጋና» ይላል። ከሥሩ የቫን ሜጌረን ፊርማ አለ። ሲጠየቅ «ፊርማው የእኔ ነው፣ ጽሑፉን የጨመረው ሌላ ሰው ነው» አለ። የሰው ፊርማ እያስመሰለ የኖረ ሰው ይህን ሲል እኔ አላምነውም።

ጠያቂው፦ ታዲያ ይቆለፍበት እያልሽ ነው?

የታሪክ መምህርቷ፦ ኧረ በፍጹም! ይታይ ባይ ነኝ። እንዲታይ የምፈልገው ለእሱ ክብር ሳይሆን ስለ ብሬዲየስ ነው። በዚያን ጊዜ አዋቂዎቹ ቬርሜር በወጣትነቱ ተጨማሪ መንፈሳዊ ሥዕሎች ሳይሠራ አይቀርም፣ የጣሊያን ሠዓሊዎች ተጽዕኖም አለበት ብለው ይጠረጥሩ ነበር። ቫን ሜጌረን የሚጠብቁትን ነገር ሠርቶ አቀረበላቸው። ዛሬ ስታየው የዐይን ቆቦቹ ከብደዋል፣ ፊቶቹ የ1930ዎቹን የፊልም ተዋንያን ይመስላሉ። የቬርሜር ብርሃን የለበትም። እንዲህ ፊት ለፊት ያለውን ነገር ያኔ ያን ሁሉ አዋቂ ማን ጋረደበት? ተማሪዎቼ ሥዕሉ ፊት ቆመው ይህን ቢጠይቁ ደስ ይለኛል። መጋዘን ውስጥ ከተቆለፈ ማን ይጠይቃል?

ሠዓሊው፦ የመጽሐፉን ጉዳይ አላውቅም ነበር። ጀግና ያልኩትን አንሺልኝ። እጁን ግን አሁንም አደንቃለሁ።

የሕግ ተማሪው፦ እኔ በግማሽ ነው የተረታሁት። ሰውየው በ1947 የተፈረደበት አንድ ዓመት እስር ብቻ ነው፤ እሱንም ሳይጀምር በታኅሣሥ ሞተ። ፍርድ ቤት ያላስከፈለውን ሙዚየሙ በጽሑፍ ያስከፍለው። ሥዕሉ ይታይ ከተባለ ከጎኑ የሚለጠፈው መግለጫ «በቬርሜር ስልት» ብሎ አይለፈው። ማን እንደሣለው፣ ማን እንደመሰከረለት፣ ስንት እንደተከፈለበት፣ ያቺ የሂትለር መጽሐፍ ጭምር ትጻፍበት። ይህ ከሌለ ድምፄ ይቆለፍበት ከሚሉት ጋር ነው።