ካቦ ገልብጬ የመኪናዬን ኮምፒውተር አቃጥየው ይሆን? የ1994 ሞዴል

ባለ ካቦዋ፦

ሰላም ለሁላችሁ። መጀመሪያ ጥፋቴን ልናዘዝ። ከሦስት ሳምንት በፊት ማታ ላይ ባትሪዬ ሞተ። ከሌላ መኪና በካቦ ላስነሳ አልኩ። የካቦዬ ሁለቱም ወገን አሁን ጥቁር ነው፤ ቀዩ ቀለም ከለቀቀ ቆይቷል። የባትሪውን የመደመር ምልክት ደግሞ ነጭና አረንጓዴ ዱቄት ሸፍኖታል። በስልኬ መብራት ያየሁ መስሎኝ ገልብጬ ሰካሁት። ጧ! ሰማያዊ ብልጭታ፣ የተቃጠለ ፕላስቲክ ሽታ፣ ካቦውን ወርውሬ ወደ ኋላ ዘለልኩ። ሁሉም ነገር ሁለት ሰከንድ ቢሆን ነው።

መኪናዋ 1.6 ሊትር ቤንዚን፣ ባለ ኢንጀክተር ናት። የአባቴ ስለነበረች "ሽጪያትና ተገላገዪ" የሚል መልስ አልፈልግም፣ ይቅርታ።

ማስነሻ ሞተሪኖው በደንብ ይዞራል፣ ሞተሩ ግን አይነሳም። ድሮ ቁልፍ ስከፍት የቤንዚኑ ፖምፓ ለሁለት ሰከንድ ያህል ዝዝ ይል ነበር፤ አሁን ጸጥ ነው። የዘይቱና የባትሪው መብራት ይበራሉ፣ ቼክ ኢንጂኑ ግን ጭራሽ አይበራም። መካኒኩ ዋናው ፊውዝ ተቃጥሎ አገኘውና ቀየረው። ከዚያ ደግሞ የኢንጀክሽኑ 15 አምፔር ፊውዝ ቁልፍ በተከፈተ ቁጥር ይበጠሳል። ሦስት ጨረስን። በመጨረሻ ስካነሩን በአዳፕተር ሰካና "አይገናኝም፣ ኮምፒውተሩ ሞቷል፣ ሌላ ፈልጊ" አለኝ።

በእርግጥ መሞቱን በምን ላረጋግጥ? መልቲሜትር አለኝ፣ አጠቃቀሙንም አውቃለሁ። አንድ ነገር ደግሞ አለ። ካቦ መገልበጤን ለመካኒኩ አልነገርኩትም። አፍሬ ነው።

ፈጣኑ፦

እህቴ፣ ጊዜሽን አትፍጂ። ያገለገለ ኮምፒውተር ፈልጊና ሰክተሽ ሞክሪ። ከተነሳች አበቃ። የዚያ ዘመን መኪኖች አብዛኞቹ ኢሞቢላይዘር (ቁልፉን ካላወቀ ሞተር የማያስነሳ የስርቆት መከላከያ) ስለሌላቸው ሰክቶ መንዳት ነው። ብቻ ሳጥኑ ላይ ያለው ቁጥር እስከ መጨረሻዋ ፊደል ይመሳሰል። የማንዋልና የአውቶማቲክ ማርሽ ኮምፒውተር መልኩ አንድ ሆኖ ውስጡ ሊለያይ ይችላል።

የሽቦ ሰው፦

ፈጣኑ፣ ስለ ቁጥሩ ያልከው ልክ ነው። ሰክቶ መሞከሩ ግን አሁን አይሆንም። ፊውዝ የሚበላው ምን እንደሆነ ሳይታወቅ ደህናውን ኮምፒውተር መስካት፣ እባብ አንድ እጁን የነደፈው ሰው ሁለተኛውን እጁን እዚያው ጉድጓድ እንደ መክተት ነው።

እህቴ፣ ስካነሩን እርሺው። ኦቢዲ ቱ የሚባለው የጋራ ቋንቋ በአሜሪካ ግዴታ የሆነው ከ1996 ሞዴል ጀምሮ ነው። በአውሮፓ ደግሞ ለቤንዚን መኪና ከ2001። ያንቺ 1994 ናት። ስካነሩና እሷ ቢያንስ በቋንቋ አይግባቡም። በዚያ ላይ ፊውዙ ተበጥሶ መብራት ያልደረሰው ኮምፒውተር ጤነኛም ቢሆን ዝም ነው የሚለው። የዚያን ጊዜ መኪኖች ብዙዎቹ ችግራቸውን የሚናገሩት በቼክ መብራቱ ብልጭታ ነው። ለምሳሌ ብዙዎቹ ቶዮታዎች ላይ ኮፋኖ ስር ባለችው መመርመሪያ ሶኬት ቲኢ1 እና ኢ1 የሚባሉትን ቀዳዳዎች በአጭር ሽቦ ታገናኚና ትቆጥሪያለሽ። ሁለት ብልጭ፣ ፋታ፣ ሁለት ብልጭ ካለ 22 ነው፤ የውሃ ሙቀት ሰንሰር ማለት ነው። ይሄ ግን ኮምፒውተሩ ሲነቃ ነው።

ቼክ መብራቱ አለመብራቱ ጥሩ ፍንጭ ነው። ያንን አምፖል ማሳ (ወደ ባትሪው ነጌቲቭ የሚመለሰውን መንገድ) እየሰጠ የሚያበራው ራሱ ኮምፒውተሩ ነው። አምፖሉ ደህና ሆኖ ካልበራ፣ ወይ 12 ቮልት አልደረሰውም፣ ወይ ማሳ የለውም፣ ወይ ለሰንሰሮቹ የሚሰጠው 5 ቮልት ወድቋል፣ ወይ እውነትም ሞቷል። እኔ ሞትን የማነሳው ሦስቱን ለክቼ ስጨርስ ነው።

ያንቺ ፊውዝ መብላቱ ፍለጋውን ያጠበዋል። ለምሳሌ የስሮትል (የአየር መግቢያው በር) ሰንሰር ሾርት ቢያደርግ 5 ቮልቱን ያወርደዋል፣ መኪናዋንም ሊያስቆማት ይችላል፤ 15 አምፔር ፊውዝ ግን አይበጥስም። ይህን የሚያደርገው 12 ቮልቱ መስመር ላይ ያለ ነገር ነው።

ፊውዝ መጨረስ አቁሚ። የፍሬቻ አምፖል ውሰጂ፣ ባለ 21 ዋቱን። ሁለት ሽቦ አስረሽ በፊውዙ ቦታ ስኪው። 21 ዋት ማለት ከ2 አምፔር በታች ነው። መስመሩ ሾርት ካለው አምፖሉ ቦግ ይላል፣ ሌላ የሚቃጠል ነገር የለም። ቁልፍ ክፈቺና እዪው። ከዚያ ዝጊ፣ የባትሪውን ነጌቲቭ ፍቺ፣ ኮምፒውተሩን ከሶኬቱ ንቀዪ፣ ባትሪውን መልሺ፣ እንደገና ቁልፍ ክፈቺ። አሁንም ቦግ ካለ ኮምፒውተሩ ነጻ ነው። ሽቦውን ፈትሺ፣ ሪሌዎቹንም (በኤሌክትሪክ የሚታዘዙ ማብሪያ ማጥፊያዎች ናቸው)። አንዳንድ ሪሌ ውስጡ ዳዮድ፣ ማለትም ኤሌክትሪክን በአንድ አቅጣጫ ብቻ የሚያሳልፍ ዕቃ፣ አለው፣ ባትሪ ሲገለበጥ ይነዳል።

እዚህ ላይ ሰው የሚሳሳትበት ነገር አለ። በአንዳንድ መኪና ዋናውን ሪሌ የሚያስነሳው ራሱ ኮምፒውተሩ ነው። ኮምፒውተሩ ከሌለ ሪሌው አይነሳም፣ አምፖሉም ይጠፋል፣ አንቺም በከንቱ "ኮምፒውተሩ ነው" ትያለሽ። ስለዚህ ሪሌው ቀጭ ማለቱን ስሚ፣ ባዶው ሶኬት ላይም 12 ቮልት መድረሱን ለኪ።

ሶኬቱ ባዶ ሳለ ማሳውንም እዪው። በኦም አትመኚ፤ አንድ ክር ብቻ የቀረው ሽቦም በኦም ሲለካ ደህና ይመስላል። ያንኑ አምፖል አንዱን ጫፍ ባትሪው ፖዘቲቭ ላይ፣ ሌላውን የሶኬቱ ማሳ ሽቦ ላይ አድርጊ። ደምቆ ከበራ ማሳው ይሸከማል።

ለመካኒኩም ንገሪው። ሐኪም ዘንድ ሄዶ የበሉትን መደበቅ ነው የሆነብሽ።

ባለ ካቦዋ፦

ዛሬ ጠዋት ሠራሁት። ሳጥኑ ከፊት ተሳፋሪው እግር በላይ፣ ከመሳቢያው ጀርባ ነው ያለው። በሦስት ብሎን ታስሯል፣ አንዱ ዝጎ ግማሽ ሰዓት ፈጀብኝ። በጀርባዬ ተኝቼ፣ እግሬ በመቀመጫው ላይ ተሰቅሎ፣ ጎረቤት ቢያየኝ ምን ይል ነበር።

አምፖሉ ኮምፒውተሩ ተሰክቶ ሳለ ቦግ አለ፤ እጄ ላይ ሙቀቱ ተሰማኝ። ኮምፒውተሩን ስነቅል ሪሌው ቀጭ ይላል፣ አምፖሉ ጥፍት ይላል፣ ሶኬቱ ላይ 12.4 ቮልት አለ። ማሳውም አምፖሉን አድምቆ አበራው። ስለዚህ ሾርቱ ሳጥኑ ውስጥ ነው። መካኒኩ ልክ ነበር ማለት ነው?

ስታኞ፦

ቦታውን አግኝቶታል፣ በሽታውን ግን አላገኘም። እኔ የምሠራው ቦርድ ጥገና ነው። ባትሪ የተገለበጠበት ኮምፒውተር ሲመጣልኝ መጀመሪያ የማየው ሶኬቱ አጠገብ ያለውን ነው። 12 ቮልቱ ወደ ቦርዱ በሚገባበት በር ላይ፣ በፖዘቲቩና በማሳው መካከል፣ አብዛኞቹ ኮምፒውተሮች አንድ ወፍራም መከላከያ ዳዮድ አላቸው። ኤሌክትሪኩ በትክክል ሲመጣ ዝም ብሎ ይቀመጣል። ተገልብጦ ሲመጣ ግን ሁሉንም በራሱ በኩል ወደ ማሳ ያሳልፈዋል፣ ፊውዙም ይበጠሳል። ብዙ ጊዜ እሱ ራሱ ሾርት ሆኖ ይቀራል፣ ከኋላው ያለው ግን ይተርፋል። ያንቺ ምልክት ይሄንኑ ይመስላል።

ሳጥኑን ክፈቺው። ከመንካትሽ በፊት የብረት ነገር ያዝ ለቀቅ አድርጊ፣ በሰውነት ላይ የተጠራቀመ ኤሌክትሪክ ቺፕ ይገድላል። ከሶኬቱ እግሮች አጠገብ ጥቁር፣ የባቄላ ፍሬ የምታህል፣ አንድ ጫፏ ላይ ነጭ መስመር ያላት ፈልጊ። መልቲሜትሩን ዳዮድ ላይ አድርገሽ በሁለቱም አቅጣጫ ለኪ። ጤነኛ ዳዮድ በአንድ ወገን 0.5 ወይም 0.6 አካባቢ ያሳያል፣ በሌላው ምንም። በሁለቱም 0.00 ከሆነ አንዱን እግሯን ከስታኞው አላቅቂና ድገሚው። ቦርዱ ላይ እንዳለች የሚለካ ሊያታልል ይችላል። አዲሷን ስታስገቢ ነጩ መስመር ወደ ፖዘቲቩ ወገን ይሁን። ገልብጠሽ ከበየድሻት እንደገና ፊውዝ ትበያለሽ፣ ያው ከገልባጭነት መታቀብ ነው።

ሳጥኑ ከተከፈተ አይቀር ቆመው ያሉትን ትንንሽ በርሜል ካፓሲተሮች እግራቸው ስር ተመልከቺ። በዚህ ዕድሜ ያፈስሳሉ። ፈሳሹ የበሰበሰ ዓሣ ይሸታል፣ የቦርዱንም መዳብ ይበላል። ካየሽ አሁኑኑ ቀይሪያቸው፣ መዳቡ ከተበላ ሥራው ሌላ ነው።

ባለ ካቦዋ፦

አገኘኋት! ሆዷ ላይ ፀጉር የመሰለ ስንጥቅ አለ፣ ዙሪያዋ ያለው ቫርኒሽ ቡናማ ሆኗል። 0.00 በዚህም፣ 0.00 በዚያም። አንድ እግሯን በካውያ አላቀቅኩና ደግሜ ለካሁ፤ ያው 0.00። ስታኞው አሮጌ ስለሆነ አልቀልጥ ብሎ አስቸግሮኝ ነበር፣ ትንሽ አዲስ ስታኞ ስጨምርበት ወዲያው ለቀቀ።

ከዚያ መታገስ አቃተኝ። ዳዮዷን አውጥቼ ሳጥኑን መልሼ ሰካሁ፣ መጀመሪያ በአምፖሉ። ቦግታው የለም። ፊውዙን መለስኩ። ቁልፍ ስከፍት ቼክ መብራቱ በራ። ፖምፓው ዝዝ አለ። በሁለተኛው ሙከራ ተነሳች። እውነቱን ልንገራችሁ፣ አለቀስኩ።

ፈጣኑ፦

እንኳን ደስ ያለሽ፣ ተሸንፌያለሁ። ግን ያለ ዳዮዷ ከሠራች ለምን ትተኪያለሽ? ሁለተኛ አትገለብጪ።

ስታኞ፦

ዳዮዷ ለካቦ ብቻ አይደለም የተቀመጠችው። ዲናሞው ባትሪውን እየሞላ ሳለ የባትሪው ተርሚናል ለቅጽበት ቢለቅ፣ ዲናሞው ከ12 ቮልት ብዙ እጥፍ የሆነ ንረት ይለቃል። ያ በቀጥታ ቦርዱ ውስጥ ነው የሚገባው። ያ ዱቄት የበላው ተርሚናልሽ ደግሞ ለዚህ የተመቸ ነው። ዳዮዷ እስክትገኝ መኪናዋ ትቁም። የድሮዋ ላይ ያለው ቁጥር ከተነበበ በዚያው ፈልጊ። ካልተነበበ ገምተሽ አትግዢ፣ የቦርዱን ፎቶ ለጥፊልኝ።

የሽቦ ሰው፦

ዲናሞውንም ለኪ። እሱ ውስጥም ዳዮዶች አሉ፣ ካቦ ሲገለበጥ ከኮምፒውተሩ በፊት ሊሞቱ ይችላሉ። ሞተሩ ተነስቶ ባትሪው ላይ ከ13.8 እስከ 14.4 ቮልት ካየሽ ደህና ነው። ከ13 በታች ከሆነ መንገድ ላይ ትቆሚያለሽ፣ ካቦም ያስፈልግሻል፣ ካንቺ ጋር ደግሞ ካቦ አይታመንም።

ባለ ካቦዋ፦

ይገባኛል፣ ሳቁብኝ።

ቁጥሩ በማጉያ መነጽር ተነበበ። ዳዮዷ ከአምስት ቀን በኋላ ደረሰች፣ ነጩን መስመር ሦስት ጊዜ አይቼ በየድኳት። አንዱ ካፓሲተር ስር ቡናማ እድፍ ነበር፣ ሽታውም እንዳልከው ነው፣ ቀየርኩት። መዳቡ ገና አልተነካም። ዲናሞው 14.1 ይላል። መጀመሪያ ላይ ነዳጅ ሳልረግጥ ስትሠራ ሞተሩ ከፍ ዝቅ ይል ነበር፣ ባትሪ ስለተፈታ ይመስለኛል፤ ሁለት ቀን ከነዳኋት በኋላ ተረጋጋ።

ለመካኒኩም ነገርኩት። ዝም ብሎ አየኝና "ሦስቱን ፊውዝ ስቀይር እዚሁ አጠገቤ ቆመሽ አልነበር?" አለኝ።

ተርሚናሎቹን በሙቅ ውሃና በብሩሽ አጥቤያቸዋለሁ። የመደመሩ ምልክት ወለል ብሎ ይታያል። ካቦው አንድ ወገን ላይ ደግሞ ቀይ ፕላስተር ጠቅልያለሁ፣ በሁለቱም ጫፍ።