ሰው የድርጅታችንን ቪዲዮ አንዴ አይቶ ለምን አይመለስም?

ቪዲዮ ሠሪዋ (ጠያቂ)
ሰላም ለሁላችሁ። ቦርሳ ለሚያመርት ድርጅት አጫጭር አስቂኝ ቪዲዮዎች እሠራለሁ። የመጀመሪያው በደንብ ታየ። ከዚያ በኋላ ያሉትን ዞር ብሎ ያየ የለም። ሰው ማስታወቂያ መሆኑን እያወቀ የአንዳንድ ድርጅቶችን ቪዲዮ ለዓመታት ይከታተላል። እኛ ምን ጎደለን?

ገበያተኛው
ቦርሳው ታሪኩ ውስጥ ምን ይሠራል? እዚያ ላይ ይመስለኛል ችግሩ። ብሌንድቴክ የሚባለው የብሌንደር አምራች እ.ኤ.አ. በ2006 ዩቲዩብ ላይ የጀመረውን እዪ። መሥራቹ ራሱ ነጭ ጋውን ለብሶ የጎልፍ ኳስ ይፈጫል፣ ስልክ ይፈጫል። ሰው የሚመጣው «ይሄስ ይፈጭ ይሆን?» ብሎ ነው። ማሽኑን ካወጣሽው የሚታይ ነገር የለም። የእናንተ ቦርሳ ቢወጣ ቀልዱ እንዳለ የሚቀጥል ከሆነ ሰው ቀልዱን ወስዶ ይሄዳል፤ እናንተን አያስታውስም።

ተመልካች ብቻ
እኔ የምመለሰው ቪዲዮው ላይ ለሚታየው ሰው ነው። ቦርሳ አልገዛም፣ እሱን ግን አያለሁ 😄 በየቪዲዮው ተዋናይ ትቀያይራላችሁ እንዴ?

ቪዲዮ ሠሪዋ
አዎ፣ በየጊዜው አዲስ ሰው ነው።

ሚዲያ ተማሪ
እንግዲያው ተገኘ። ሆርተንና ዎል የተባሉ ተመራማሪዎች ይህን ጉዳይ እ.ኤ.አ. በ1956 ጽፈውበታል፦ ተመልካች ስክሪን ላይ ደጋግሞ ያየውን ሰው እንደሚያውቀው ወዳጅ ይቆጥረዋል። ወዳጅነት ደግሞ ፊት እየተቀያየረ አይመጣም። እ.ኤ.አ. በ1930ዎቹ አሜሪካ ውስጥ የሳሙና አምራቾች በገንዘብ የደገፏቸው የሬዲዮ ድራማዎችም ሰውን የያዙት በዚሁ ነው። ያው ገጸ ባሕርያት፣ ያው ሰዓት፣ ለነገ የተንጠለጠለ ታሪክ።

ካሜራ በእጄ
ትልቅ ትርኢት አያጓጓሽ። የኃይል ሰጪ መጠጥ አምራቹ ሬድቡል እ.ኤ.አ. በ2012 የፓራሹት ዘላዩን ፊሊክስ ባውምጋርትነርን ከ39 ኪሎ ሜትር ገደማ ከፍታ ሲያዘልለው ከ8 ሚሊዮን በላይ ሰው በቀጥታ ዩቲዩብ ላይ አይቷል። ያ የአንድ ቀን ጉድ ነው፣ ለዚያውም በጀት ላለው። ለአንቺ የሚሻለው አስተያየት የሚጽፉትን ማናገር ነው። አንዱ የጠየቀውን በሚቀጥለው ቪዲዮ ብትሠሪው፣ ያ ሰው ሳይመለስ አይቀርም።

ቪዲዮ ሠሪዋ
እሺ፣ አንድ ተዋናይ እንያዝ። አለቃዬ ግን በየቪዲዮው መጨረሻ ዋጋ ካልተነገረ ይላል።

ገበያተኛው
ዋጋውን ከቪዲዮው ሥር በጽሑፍ አስገቢው፤ የፈለገ ያነበዋል። የድርጅቱን ስም ግን አትደብቁ። በኋላ ሲነቃባችሁ ይብሳል።