ተርቦ በተጨመረበት አይሱዙ ላይ የተነሳ የሞተር እሳት፦ መንስኤው እንዴት ይለያል? ሲነሳስ ምን ማድረግ ይገባል?

ባለንብረት ከሸዋ ሮቢት፦

ጤና ይስጥልኝ የሙያው ባለቤቶች። አንድ የአይሱዙ ኤንፒአር የጭነት መኪና አለኝ፤ ስገዛው ሞተሩ ተርቦ (በጭሱ ግፊት እየተሽከረከረ ወደ ሞተሩ ተጨማሪ አየር የሚገፋ መሣሪያ) የሌለው የናፍጣ ሞተር ነበር። ከቆላው ተነስቶ የጣርማ በርን ዳገት ሲወጣ ጉልበት ስለሚያንሰው ባለፈው ዓመት በአንድ ጋራዥ ተርቦ አስጨመርኩበት። በዚያው ሰሞን በሻንሲው ጎን ሁለተኛ የናፍጣ ሰልባትዮ (ማጠራቀሚያ)፣ ከፊት ባለው ብረት ላይ ስድስት ተጨማሪ መብራቶች፣ በጋቢናው ውስጥም ለቴፑ አምፕሊፋየር ተገጠመለት።

በቅርቡ ማሾ ጭኖ ወደ አዲስ አበባ ሲጓዝ፣ ደብረ ሲናን አልፎ ዳገቱን እንዳጋመሰ ሹፌሩ የተቃጠለ ጎማ የሚመስል ነገር ስለሸተተው ዳር ይዞ ቆመ። እንደነገረኝ ከሆነ ሲቆም ጭስ እንጂ ነበልባል አልነበረም፤ ሞተሩን አጥፍቶ ከወረደ በኋላ፣ ረዳቱ ለጎማው ታኮ እያስገባ ሳለ፣ በቀኝ በኩል ከጋቢናው ሥር እሳት ቦግ አለ። በመኪናው ውስጥ የነበረው ትንሽ ማጥፊያ ቢጫኑት ምንም አልወጣውም። ረዳቱ ጋቢናውን ለማንሳት ሲሮጥ ከኋላ የደረሰ የቦቴ ሹፌር ከልክሎት፣ የራሱን ትልቅ ማጥፊያ ከጎማው በላይ ባለው ክፍተት ረጭቶ እሳቱን አጠፋላቸው። እግዚአብሔር ይስጠው፣ ጭነቱም ሰዎቹም ተርፈዋል።

የተቃጠለው በተርቦው ዙሪያ ያሉ ቱቦዎችና በዚያው መስመር የሚያልፈው የሽቦ ጥቅል ነው። አሁን መካኒኩ «ሽቦ ነው ያቃጠለው» ይላል፤ ኤሌክትሪሺያኑ ደግሞ «ናፍጣ ነው» ይላል። እኔ በሁለቱ መካከል ቆሜ ገንዘብ ላወጣ ነው። መንስኤውን በእርግጥ ማወቅ የሚቻልበት መንገድ ካለ፣ ሹፌሩና ረዳቱ ማድረግ የነበረባቸውን፣ እንዲሁም ተርቦው ይነሳ ወይስ ይቆይ የሚለውን ብታስረዱኝ ከልብ አመሰግናለሁ።

የናፍጣ መካኒክ፦

ወንድሜ፣ እንኳን ሰው ተረፈ። ጥገናው ከመጀመሩና ማንም ሰው ሞተሩን በውሃ ከማጠቡ በፊት የተቃጠለውን ቦታ ከየአቅጣጫው በስልክዎ ፎቶ ያንሱ፤ ምክንያቱም መልሱ ያለው እዚያው ጥላሸት ላይ ነው።

የተነሳው እሳት ነበልባል የታየበት ጊዜ ለእኔ ትልቅ ፍንጭ ነው። ናፍጣ ያለ ምንም ብልጭታ፣ በሙቀት ብቻ፣ ከ210 እስከ 250 ዲግሪ ባለው ሙቀት አካባቢ ራሱ ሊቀጣጠል ይችላል፤ ሙሉ ጭነት ይዞ ዳገት የሚወጣ መኪና ተርቦ በጭስ ማውጫው በኩል ደግሞ ከ500 ዲግሪ ያልፋል። መኪናው እየሄደ ሳለ ነፋሱና ቬንቲላተሩ የሚንጠባጠበውን ናፍጣና ተኑን ይገፉታል፣ ያቀዘቅዙታልም። ሲቆምና ሞተሩ ሲጠፋ ግን ነፋሱ ይቋረጣል፣ የተርቦው ብረት ግን ወዲያው አይበርድም፤ ተኑም እዚያው ጋቢና ሥር ይታፈናል። ስለዚህ ሲሄድ ጭስ ብቻ፣ ሲቆም ነበልባል መሆኑ ትኩስ ብረት ላይ የሚንጠባጠብ ፈሳሽ መኖሩን ያስጠረጥራል። ቢሆንም ይህ ጥርጣሬ እንጂ ማስረጃ አይደለም።

ማስረጃውን ለማግኘት ሦስት ቱቦዎችን እንዲያስፈትሹ እመክራለሁ። የመጀመሪያው ናፍጣውን ወደ ሞተሩ ከሚረጩት ኖዝሎች የሚተርፈውን ናፍጣ ወደ ሰልባትዮ የሚመልሰው ቀጭን ቱቦ ነው። ሁለተኛ ሰልባትዮ ሲጨመር ይህ ቱቦ ብዙ ጊዜ ይቀጠላል፣ ቅጥያውም ባገኘው መንገድ ያልፋል። ሁለተኛው ለተርቦው ዘይት የሚያቀብለው ቧንቧ ነው፤ በግፊት የሚሠራ በመሆኑ የጸጉር ያህል ስንጥቅ ካለው ዘይቱ አይንጠባጠብም፣ ይረጫል። ሦስተኛው ከተርቦው ወደ ካርተር (ከሞተሩ ሥር ወዳለው የዘይት መያዣ) የሚወርደው የዘይት መመለሻ ነው። ይህ ያለ ምንም እጥፋት ቁልቁል መውረድ አለበት፤ ተቆልምሞ ወይም አግድም ተኝቶ ከሆነ ዘይቱ መውረጃ አጥቶ በተርቦው ማሸጊያ በኩል ይወጣል። ከፋብሪካው ተርቦ ይዞ በመጣ ሞተር ላይ እነዚህ መስመሮች ከትኩሱ ብረት ርቀው፣ በቆርቆሮ ተጋርደው ይዘረጋሉ። በኋላ በተጨመረ ተርቦ ላይ ግን የድሮዎቹ ቱቦዎች ባሉበት ይቀሩና ትኩሱ ብረት ወደ እነሱ ይመጣል። በእኔ እምነት የዚህ ዓይነቱ ችግር ምንጭ ተርቦው ሳይሆን ተርቦው የገባበት ሰፈር ነው።

ጡረታ የወጣ የእሳት አደጋ ሠራተኛ፦

ስለ ሹፌሩ ተግባር ልናገር። ዳር ይዞ መቆሙና ሞተሩን ማጥፋቱ ትክክል ነው፤ ከሁሉም በላይ ደግሞ ጭስ እየሸተተው ወደ ጣርማ በር ዋሻ ሳይገባ መቆሙ። በዋሻ ውስጥ የሚቃጠል መኪና ከእሳቱ በፊት በጭሱ ይገድላል።

የቦቴው ሹፌር ረዳቱን መከልከሉ ደግሞ ልምድ ያለው ሰው ሥራ ነው። ሞተሩ በጋቢና ሥር ባለበት እንደ አይሱዙ ባለ መኪና ላይ ጋቢናውን ማንሳት ማለት ለታፈነው እሳት በአንድ ጊዜ አየር መስጠት ማለት ነው፤ ነበልባሉ የሚወጣውም በሚያነሳው ሰው ፊት ላይ ነው። ኮፈን ባለው መኪናም ቢሆን ኮፈኑ ሙሉ በሙሉ አይከፈትም። ማጥፊያው ከጎማው በላይ ባለው ክፍተት፣ ከፊት ባለው ፍርግርግ ወይም ከታች ወደ እሳቱ ሥር ይረጫል። ነፋሱ ከጀርባዎ እንዲሆን ይቁሙ። ባለ 6 ኪሎ የዱቄት ማጥፊያ የሚረጨው ቢበዛ ከ15 እስከ 20 ሰከንድ ነው፣ የአንድ ኪሎው ደግሞ ከዚያም በጣም ያነሰ ነው፤ ስለዚህ ሳይጠጉና ሳያነጣጥሩ መጫን ማጥፊያውን ማባከን ነው። ዱቄት ነበልባሉን ይገድላል እንጂ ብረቱን አያቀዘቅዝም። እሳቱ ከጠፋ በኋላ መልሶ ሊነሳ ስለሚችል የቀረውን ዱቄት ይዞ መጠበቅ ያስፈልጋል። በሚነደው ናፍጣ ላይ ውሃ መድፋት ናፍጣውን አንሳፍፎ እሳቱን ያሰፋዋል፤ መንገድ ላይ ለፈሰሰው ናፍጣ አፈር ይሻላል።

ሲጫን ምንም አልወጣውም ስለተባለው ማጥፊያ፣ ይህ ብዙ ጊዜ የሚያጋጥም ነው። በመኪና መንቀጥቀጥ ዱቄቱ ታች ተጠቅጥቆ ይጋገራል፤ የግፊት መርፌው አረንጓዴው ላይ ቢሆንም እንኳ ዱቄቱ ላይወጣ ይችላል። በየወሩ ገልብጦ መነቅነቅ፣ በየዓመቱም ባለሙያ እንዲያየው ማድረግ ይገባል። ለጭነት መኪና ከ6 ኪሎ ያነሰ አልመክርም። የሚቀመጥበትም ቦታ ከወንበር ጀርባ ባይሆን ጥሩ ነው፤ ወንበሩ ከሞተሩ በላይ ነውና።

አንድ ነገር ልጨምር። ብዙ ሹፌሮች ለቡና የሚሆን ትንሽ ቡታጋዝና የናፍጣ ወይም የቤንዚን ጄሪካን ጋቢና ውስጥ ይይዛሉ። በመኪናው ላይ እንዲህ ያለ ነገር ካለ እሳቱን ለማጥፋት መሞከር ቀርቶ ሁሉም ሰው ቢያንስ 30 ሜትር መራቅ አለበት። በአዲስ አበባ ውስጥ ከሆነ 939 መደወል ነው፤ የጣርማ በር ዳገት ላይ ግን የሚደርስልዎ ከኋላ የሚመጣው መኪና ነው፣ ስለዚህ ሦስት ማዕዘኑን ራቅ አድርጎ ማቆም ለመታደግም ለመታየትም ይጠቅማል።

የመኪና ኤሌክትሪሺያን፦

መካኒኩ ወንድሜ ያሉትን ባልቃወምም ሽቦውን በነጻ ማሰናበት አልወድም። የተቃጠለውን የሽቦ ጥቅል ይክፈቱትና መዳቡን በደንብ ይመልከቱ። ላስቲኩ ተቃጥሎ መዳቡ ግን ክሩ እንዳለ ካለ፣ እሳቱ ከውጭ መጥቶበታል። መዳብ የሚቀልጠው ወደ 1085 ዲግሪ አካባቢ ስለሆነ እንዲህ ያለ እሳት በቀላሉ አያቀልጠውም። በአንድ ቦታ ላይ ብቻ መዳቡ ቀልጦ እንደ ጤፍ ፍሬ ያለ ድብልብል ጠብታ ከሠራ፣ እዚያ ጋ ሽቦው ከብረት ጋር ተገናኝቶ ነበር ማለት ነው። ይህም ቢሆን ብቻውን አይበቃም፤ በእሳቱ ላስቲኩ የተገፈፈ ሽቦ ባትሪው ካልተቆረጠ፣ እሳቱ ከተነሳ በኋላም ከብረት ጋር ሊገናኝ ይችላል። ጠብታው ያለበት ሽቦ ከመብራቶቹ ወይም ከአምፕሊፋየሩ የመጣ ከሆነና ፊውዝ ከሌለው ግን ጥርጣሬው ወደዚያ ያዘነብላል።

አይሱዙው በ24 ቮልት የሚሠራ ስለሆነ እያንዳንዳቸው 70 ዋት የሆኑ ስድስት መብራቶች 17 ተኩል አምፔር ያህል ይስባሉ። ይህን ጭነት በመጀመሪያው የመብራት ማብሪያ ላይ መጫን አይቻልም። የራሱ ሪሌ (ትልቁን ጭነት በማብሪያው ፋንታ የሚያበራና የሚያጠፋ መሣሪያ)፣ 4 ሚሊሜትር ካሬ ያህል የመዳብ ሽቦ፣ ከባትሪው ጫፍ በስንዝር ርቀት ውስጥ የተቀመጠ 25 አምፔር ፊውዝ ያስፈልገዋል። ፊውዝ የሚጠብቀው መብራቱን ሳይሆን ሽቦውን ነው፤ መብራቱ አጠገብ ቢቀመጥ ከባትሪው እስከዚያ ያለው ሽቦ ሁሉ ጠባቂ የለውም።

አምፕሊፋየሩ ደግሞ ብዙውን ጊዜ የሚሠራው በ12 ቮልት ስለሆነ፣ አንዳንዱ ገጣሚ ከሁለቱ ባትሪዎች ከአንዱ ላይ ብቻ ይወስዳል። ያኔ አንዱ ባትሪ ሁልጊዜ ይደክማል፤ ዲናሞው ሁለቱን አንድ ላይ ስለሚሞላ ሌላኛው ከመጠን በላይ ይሞላል፣ ይፈላል፣ የሚቀጣጠል ጋዝም ይተፋል። ከ24 ወደ 12 የሚቀይር መሣሪያ ማስገጠም ነው ትክክለኛው መንገድ። የባትሪ መቁረጫ ማብሪያም ከጋቢናው ውጭ ያስገጥሙ፤ በእሳት ጊዜ ረዳቱ ጋቢና ከሚያነሳ እሱን ቢያዞር ትልቅ ሥራ ነው።

ባለንብረት ከሸዋ ሮቢት፦

ሁላችሁንም አመሰግናለሁ። በነገራችሁኝ መሠረት ሁለቱንም ባለሙያዎች በአንድ ላይ አቁሜ አስከፈትኩ። የሽቦ ጥቅሉ ላስቲኩ ነዷል፤ መዳቡ ግን ከጫፍ እስከ ጫፍ ክሩ እንዳለ ነው፣ ጠብታም የለውም። የናፍጣ መመለሻው ቱቦ ግን ከሁለተኛው ሰልባትዮ ጋር የተቀጠለበት ቦታ ከተርቦው አራት ጣት በማይሞላ ርቀት ላይ ሆኖ ተገኘ፤ ማሰሪያው በሽቦ የተጠመዘዘ ነው፣ በሱ ሥር ያለው የተርቦ ብረትም ላይ ጥቁር ቅርፊት ጋግሯል። የአምፕሊፋየሩ ሽቦ ደግሞ እንደተባለው ከአንድ ባትሪ ብቻ የተወሰደና ፊውዝ የሌለው ነው፤ እስካሁን አለመንደዱ ይገርማል።

የቀረኝ ጥያቄ ተርቦው ይነሳ ወይስ ይቆይ የሚለው ነው። ከዚሁ ጋር፣ ሞተሩን መቼ ማስነሳት እንደምችል ብትነግሩኝ።

በመድን ሥራ የቆየሁ፦

ስለ ተርቦው ከመወሰንዎ በፊት አንድ ቃል። በአዋጅ ቁጥር 799/2005 ግዴታ የሆነው የሦስተኛ ወገን መድን ሌላ ሰው ላይ ለሚደርስ ጉዳት ነው እንጂ የራስዎን መኪና ቃጠሎ አይከፍልም። ሙሉ ዋስትና ካለዎት ደግሞ የውሉን ወረቀት ያንብቡ፤ መኪናው ላይ የተደረገ ለውጥ ለመድን ሰጪው በጽሑፍ ካልተገለጸ ክርክር ሊያስነሳ ይችላል። ተርቦው ከቆየ በጽሑፍ ያስታውቁ፣ ደረሰኝም ይያዙ። ያነሷቸው ፎቶዎችም አይጥፉ።

የናፍጣ መካኒክ፦

ጥፋቱ የናፍጣ መመለሻው ቱቦ ላይ ማረፉ አልገረመኝም። በሽቦ የተጠመዘዘ ቱቦ ሲቀዘቅዝ ይይዛል፣ ሲሞቅና ላስቲኩ ሲለሰልስ ይለቃል፤ ጥቁሩ ቅርፊትም ከብዙ ጊዜ ጀምሮ እየተንጠባጠበ ሲነድድ እንደነበር ይናገራል።

ተርቦውን በተመለከተ አቋሜ ግልጽ ነው። ከ3000 ሜትር በላይ ወደሆነው ጣርማ በር የሚወጣ ሞተር አየሩ ስለሚሳሳበት ተርቦ ይጠቅመዋል፤ ሆኖም ገጣሚው ጉልበት ለመጨመር ብሎ የናፍጣ ፖምፓውን ብዙ ናፍጣ እንዲሰጥ ከፍቶት ከሆነ የጭሱ ሙቀት ከሚገባው በላይ ይሆናል። ዳገት ላይ ጥቁር ጭስ የሚተፋ ከሆነ ፖምፓው ወደ ቀድሞ ልኩ ይመለስ፤ የጭስ ሙቀት መለኪያም ከተርቦው በፊት ይግጠሙ፣ መርፌው 700 ዲግሪ ሲጠጋ ሹፌሩ እግሩን አንስቶ ማርሽ ይቀንስ። የናፍጣ መስመሩ በሞላ በሌላኛው ጎን፣ በብረት ቧንቧ ይዘርጋ፤ መጋጠሚያው በትክክለኛ ማሰሪያ ይታሰር፣ ተርቦውም በቆርቆሮ ይጋረድ። ይህን ሁሉ የሚሠራልዎ ሰው ካላገኙ ተርቦውን ያንሱት፣ ጭነቱንም ይቀንሱ። ከዳገት በኋላ ሲቆም ሞተሩን ሁለት ሦስት ደቂቃ በሚኒሞ (ነዳጅ ሳይረገጥ) ማቆየት ለተርቦው ጤና ነው፤ ጭስ ወይም ሽታ ካለ ግን ይህ አይሠራም፣ ወዲያውኑ ይጠፋል። ቁልፉ ተዘግቶ ሞተሩ አልጠፋም ካለ ሹፌሩ ከፍተኛ ማርሽ አስገብቶ፣ ፍሬኑን አጥብቆ ረግጦ ፍሪሲዮኑን በመልቀቅ ያንቀው።

አሁን ግን ቁልፉን አይንኩት። የማጥፊያው ዱቄት በአብዛኛው የአሞኒየም ፎስፌት ጨው ነው፤ እርጥበት ካገኘ አሉሚኒየሙንና የሽቦ መገጣጠሚያውን ይበላል፣ በአየር ማስገቢያው ከገባ ደግሞ ተርቦውንና ፒስተኑን ይፍቃል። መጀመሪያ በደረቁ፣ በአየር ግፊት ይነፋ፤ ከዚያ ይታጠብና ይድረቅ። የአየር ማጣሪያው ይለወጥ፣ ከማጣሪያው እስከ ተርቦ ያለው ቱቦ ተፈትቶ ከውስጥ ይጠረግ፤ ዘይቱና የዘይት ማጣሪያውም ይቀየሩ። የነደዱት ሽቦዎች በአዲስ ከተተኩና ናፍጣው በእጅ ፖምፓ ተገፍቶ መስመሩ አለማፍሰሱ በዓይን ከታየ በኋላ፣ ማጥፊያ ይዞ የሚቆም አንድ ሰው ከጎን አድርገው ያስነሱት።